የዱር እንስሳ የሚያስታምሙ በጎ ፈቃደኞችን መደገፍ፦ ለደሴ፣ ለኮምቦልቻና ለአካባቢው

የቆሰለ ጥንብ አንሳ ወይም ሰንሰለት አንገቱን የቆረጠው ጦጣ የሚያስታምሙ በጎ ፈቃደኞች ደመወዝ የላቸውም፤ የሚሰጡት ግቢያቸውን፣ ጊዜያቸውንና ከኪሳቸው ነው። የሚያደክማቸው የእርዳታ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ያለ ቦታው የመጣ እርዳታም ነው። ወተት የተጋተች ወፍ፣ በገንዘብ ተገዝታ የመጣች ጦጣ፣ ምን እንደተወጋ ያልታወቀ የበግ ሥጋ፦ ሦስቱም በቅን ልብ ይመጣሉ፣ ሦስቱም ይጎዳሉ።

ከማንሳታችሁ በፊት

ላባ አብቅሎ መሬት ላይ የሚዘል ጫጩት አብዛኛውን ጊዜ በረራ እየተማረ ነው፤ ወላጆቹ አጠገቡ ናቸው። ድመትና ልጆች አርቁለትና ተዉት። የሚዳቋ ግልገልም እንዲሁ፤ እናቱ ሣር ውስጥ ደብቃው ለግጦሽ ትሄዳለች፣ ዝም ብሎ መተኛቱ ሕመም አይደለም።

ደም ካለ፣ ክንፉ ከወደቀ ወይም ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር ከተገኘ ግን ይነሳ። በኤሌክትሪክ የተመታ አሞራ ዛሬ ደህና መስሎ ይቆማል፤ የተቃጠለው ሥጋ የሚሞተው ከቀናት በኋላ ነው። ስለዚህ ቆመ ብላችሁ አትልቀቁት።

ወፍራም ጨርቅ ከላዩ ጣል አድርጉና ጭንቅላቱን ሸፍኑ፤ ጨለማ ያረጋጋዋል። ንስርና ጉጉት የሚጎዱት በጥፍራቸው ስለሆነ መጀመሪያ እግራቸውን ያዙ። ጥንብ አንሳ ግን እግሩ ደካማ ነው፤ የሚፈራው መንቁሩ ነው፣ ጭንቅላቱን ከኋላ ያዙት። አፉን በገመድ አትሰሩ፤ ሲደነግጥ ያስመልሳል፣ ትውከቱም ወደ ሳንባው ይገባል።

የምታስገቡበት ካርቶን ቆሞ የሚቆይበት፣ ክንፉን ግን የማያራግብበት ስፋት ይኑረው፤ ጎኑ ላይ ቀዳዳ አብጁለት። ለትናንሽ ወፎችና ግልገሎች፣ በተለይ በደሴ ብርድ፣ ሙቅ ውሃ የሞላ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በአንድ ጎን ብቻ አኑሩ፤ ሲሞቀው ፈቀቅ የሚልበት ይፈልጋል። ውሃም ምግብም በአፉ አትጨምሩ። የወፍ የአየር ቧንቧ የሚከፈተው ከምላሱ ጀርባ ነውና የጨመራችሁት ውሃ ሳንባ ይገባል። በባጃጅ ስትወስዱት ሙዚቃው ይጥፋ።

ጅብ፣ ቀበሮና ጦጣ በእጅ አይነኩም። የነከሰ ወይም የቧጨረ ካለ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጠይቁ። በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ ወይም በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቀይ ቀበሮ ታሞ ካያችሁ ወደ ማንም ግቢ አታምጡ፤ ለጥበቃ ሠራተኞቹ ንገሩ።

ሥጋ ስትሰጡ

ዋናው ወጪ ሥጋ ነው። የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች በዐቢይ ጾም ሲዘጉ፣ ወሎ ውስጥ የሙስሊም ሥጋ ቤቶች ክፍት ናቸው፤ በአረፋ ሰሞን ደግሞ ትርፍ አይጠፋም (ለጥንብ አንሳ የክርስቲያን የእስላም የሚባል ሥጋ የለም)። ለፍሪጅ የሚሆን በአንድ ቀን የሚያልቅ ትንንሽ ጥቅል አድርጋችሁ አምጡ፤ መብራት ጠፍቶ የቀለጠ ተመልሶ አይቀዘቅዝም።

አንድ ጥያቄ ግን አይታለፍም፦ ከብቱ ከመሞቱ በፊት ምን ተወጋ? ዳይክሎፌናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻ የተወጋ ከብት ሥጋ የጥንብ አንሳን ኩላሊት ያበላሻል። በደቡብ እስያ ጥንብ አንሳዎችን የጨረሰው ይኸው መድኃኒት ነው፤ ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2006 ለእንስሳት ሕክምና እንዳይውል አግዳዋለች። ለጅብ ወይም ለውሻ ተብሎ የተመረዘ ሥጋ፣ በመርዝ የሞተ አይጥም አይመጣም።

ለጭልፊትና ለጉጉት ንጹሕ ጮማና ቀይ ሥጋ ብቻውን ምግብ አይደለም። አጥንት ከሌለው ካልሲየም ያጥራል፤ በማደግ ላይ ያለው ጫጩት አጥንቱ ይጎብጣል። ሙሉ ጫጩት፣ ከነላባውና ከነአጥንቱ፣ ከአንድ ኪሎ ቀይ ሥጋ ይሻላል።

ከቤት ያመለጡና የተወረሱ

ጦጣ አትግዙ። ለማዳን ብላችሁ የከፈላችሁት ብር ሻጩን ሌላ እናት ገድሎ ሌላ ግልገል እንዲያመጣ ይልከዋል። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ መንገዱ የወረዳውን የዱር እንስሳት ባለሙያ ማሳወቅ ነው። ወደ ዱር የማይመለሱትን ሆለታ አቅራቢያ ያለው የቦርን ፍሪ (የዱር እንስሳት ተንከባካቢ ድርጅት) ማዕከል፣ እንሰሳ ኮቴ፣ ይቀበል እንደሆነ ባለሙያው ይጠይቅ።

በእንጀራና በዳቦ ያደገ ኤሊ የድንጋይ ልብሱ ይለሰልሳል ወይም ይጎረብጣል። ሣር፣ ቅጠላ ቅጠል፣ እሾሁ የተለበለበ የበለስ ቅጠልና የቀን ፀሐይ ነው የሚያስፈልገው። መኪና የሰነጠቀው ከሆነ በንጹሕ ፋሻ ሸፍናችሁ አምጡ፤ በሙጫ አትለጥፉ፣ ቆሻሻው ውስጥ ይታፈናል።

ዕቃና ጉልበት

የነተበ ነጠላና ፎጣ ብዙ ሰው ያመጣል። ክሩ ጥፍር ላይ ይጠመጠማልና ጫፉ የተዘመዘመ አሮጌ አንሶላ ይሻላል። ለትልልቅ አሞሮች ቤት የዶሮ ሽቦ አይሆንም፤ የበረራ ላባቸውን ይሰብራል፣ የተሰበረ ላባ ደግሞ እስኪረግፍና ሌላ እስኪተካው ወራት ይፈጃል። ቀጥ ብለው የተተከሉ የባሕር ዛፍ አጣናዎች፣ በመካከላቸው ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ክፍተት፣ ርካሽና ደህና ናቸው።

ገንዘብ ከሆነ በዓል ጠብቆ ከሚመጣ 2,000 ብር በየወሩ የማይቀር 200 ብር ይመረጣል፤ ሥጋ በየቀኑ ነው የሚገዛው። በቅድሚያ የሚከፈልበት አንድ ነገር ምረጡ ብንባል፣ እንስሳቱን በእጃቸው የሚይዙት ሰዎች የእብድ ውሻ በሽታ ቅድመ መከላከያ ክትባት ነው። ጊዜ ያለው ሰው ደግሞ በሳምንት አንድ ቋሚ ጠዋት ይያዝ፤ ቤት መጥረግ፣ ገንዳ ማጠብ። ማሻሸትና ፎቶ ማንሳት እርዳታ አይደለም፤ ሰው የለመደ አውሬ ሲለቀቅ ወደ ሰው ይመለሳል፣ በድንጋይም ይመታል።

እንስሳ ስታስረክቡ የተገኘበትን ቀበሌ፣ ጎጥና ሰዓት በወረቀት ጻፉ። ሲድን የሚለቀቀው እዚያው ነው፤ የሐይቅ ዳር ወፍ ወረኢሉ አምባ ላይ ብትለቀቅ ውሃዋንም መንጋዋንም አታገኝም።