የባልሳ ልብ ያለው ቀላል ሳንድዊች ፓነል አሠራር

ሳንድዊች ፓነል ቀላል ልብ በሁለት ጠንካራ ገጾች መካከል የተያዘበት ሰሌዳ ነው፤ እዚህ ልቡ ባልሳ የተባለው በጣም ቀላል እንጨት ነው፣ ገጾቹ ደግሞ ኢፖክሲ በተባለ ሬዚን (ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ) የራሰ የፋይበር ግላስ ጨርቅ። ባልሳው የሚመረጠው በአቆራረጡ ነው። በቁመቱ የተሰነጠቀ ሳንቃ ሳይሆን ግንዱ በአግድም ተቆርጦ ቀዳዳዎቹ ከገጽ ወደ ገጽ ቀጥ ብለው የሚያልፉበት ይሁን። እንዲህ የቆመ ባልሳ ሲጫኑት በቀላሉ አይደፈጠጥም፤ ግን በእነዚያው ቀዳዳዎች ሬዚን ይጠጣል።

ለ1 ካሬ ሜትር ፓነል 10 ሚሊ ሜትር ባልሳ (1.5 ኪሎ ገደማ)፣ በካሬ 300 ግራም የሚመዝን የፋይበር ግላስ ጨርቅ 4 ካሬ (በየገጹ ሁለት ሁለት ድርብ) እና 1.6 ኪሎ ያህል ኢፖክሲ ያዙ። 1.2 ኪሎው የጨርቁ ነው፤ የቀረው 400 ግራም የእንጨቱ። ይህን የእንጨቱን ድርሻ ከቆጠባችሁ ባልሳው ከጨርቁ ላይ ይስበዋል፤ ጨርቁም ነጥቶ ይቀርና በኋላ ይላቀቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ እንጨቱን ብቻ ቀቡ። እርጥበቱ ከ12 በመቶ በታች ይሁን። ባልሳውን ለብ አድርጉና ከሙቀቱ አውጥታችሁ እየቀዘቀዘ ሳለ ቀቡት፤ ውስጡ ያለው አየር ሲኮማተር ሬዚኑን ይስበዋል። ጠዋት ፀሐይ እየበረታች ስትሄድ ከቀባችሁት ግን አየሩ እየሰፋ ገጹን በአረፋ ይሞላዋል።

ከኢፖክሲው ጋር የሚቀላቀለውን ማጠንከሪያ አምራቹ ባዘዘው መጠን በሚዛን ለኩ። «ቶሎ ይድረቅ» ብሎ መጨመር ኢፖክሲን ለስላሳ አድርጎ ያስቀረዋል እንጂ አያፈጥነውም። የተቀላቀለውን ሰፊ ትሪ ላይ ገልብጡ፤ ጣሳ ውስጥ ከቆየ ግሎ ያጨሳል። ጓንት አይረሳ።

ቅቡ ጣት ሲይዝ ነገር ግን ጣት ላይ ሳይቀር፣ ሰም በተቀባ ዝርግ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ድርብ ጨርቅ አርሱ፣ ባልሳውን አስቀምጡ፣ የላዩን ሁለት ድርብ ደርቡ። ጨርቁ መስታወት ሲመስል በቂ ነው፤ ነጭ ነጥብ ካለ አልጠገበም፣ ካቆረ በዝቷል። ሁለቱም ገጽ እኩል ድርብ ካልኖረው ፓነሉ ይጣመማል። የቫኪዩም ከረጢት (አየሩ ሲሳብ ፓነሉን የሚጫን) ካለ በ0.7 ባር ገደማ ሳቡ፤ ከሌለ ፕላስቲክ፣ ወፍራም ጣውላና እኩል የተደረደረ የአሸዋ ከረጢት ይሠራል።

ከ24 ሰዓት በኋላ በሳንቲም እያንኳኳችሁ አዳምጡ። ጥርት ያለ ድምፅ ደህና ነው። የታፈነ ከሆነ ሥሩ ባዶ ነው፦ ሁለት 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱና በአንዱ በሲሪንጅ ኢፖክሲ ስጡት፣ በሌላው እስኪወጣ።

ለ10 ሚሊ ሜትር ብሎን 20 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ፣ በሲሊካ ዱቄት በወፈረ ኢፖክሲ ሙሉት፣ ሲደርቅ መሃሉን በ10 ብሱ። ዳር ዳሩንም ባልሳውን 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ፍቃችሁ በዚያው ሙሉ። በጥሬው ቀዳዳ የታሰረ ብሎን ባልሳውን ይጨፈልቀዋል፤ ውሃም ይገባል፣ ከጨርቁ ገጽ ሥር እንጨቱ በስብሶ ጭቃ ሲሆን ከላይ ምንም አይታይም።