አሮጌ ጀልባ ሲጠገን በፋይበርግላስና በሬዚን ምርጫ ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ከአሮጌ ጀልባ ላይ የከሸፈ ጥገና ሲነሳ ልብ ብሎ ላየው፣ አዲሱ ንብርብር ብዙ ጊዜ ስንጥቅ እንኳ የለውም፤ እንደ ዛፍ ቅርፊት ሙሉውን ተላቆ ይመጣል። የከዳው መገናኛው ነው። ስለዚህ ዕቃ፣ ማለትም ከመስታወት ክር የተሠራው ፋይበርግላስና እርሱን አርሶ የሚደርቀው ፈሳሽ ሬዚን፣ ሲመረጥ ከጥንካሬው አስቀድሞ አሮጌውን አካል የመያዝ ዐቅሙ ይታይ።

«ጀልባው በፖሊስተር ስለተሠራ በፖሊስተር ይጠገን» ማለት

አሳማኝ ስለሚመስል ብዙ ሰው ያሳስታል። ጀልባው ሲሠራ ፖሊስተር በተባለው የሬዚን ዓይነት የራሱት ንብርብሮች ገና ሳይደርቁ ስለተደራረቡ በኬሚካል ተዋህደዋል። ለዓመታት የደረቀ ፖሊስተር ግን ከአዲሱ ጋር እንዲያ አይዋሃድም፤ አዲሱ ሬዚን የሚይዘው በዋናነት የተሻከረውን ገጽ ቆንጥጦ ነው። በዚያ ላይ ፖሊስተር ሲደርቅ እስከ 7 በመቶ ሊኮማተር ስለሚችል ራሱን ከመገናኛው ይጎትታል። ሌላው የሬዚን ዓይነት ኢፖክሲ የሚኮማተረው በጣም በጥቂቱ ነው፤ አያያዙም የጠበቀ ነው። ከውኃ መስመር በታች፣ ጫና በሚበዛበት ቦታና በተለይ እንጨት ላይ፣ ዋጋው ቢወደድም ኢፖክሲን እመርጣለሁ። ላይ ላዩን ለተጎዳ፣ በጄልኮት (የጀልባው አንጸባራቂ የላይ ሽፋን) ለሚጨረስ ትንሽ ቦታ ግን ፖሊስተር ይበቃል።

የትኛውም ቢመረጥ ገጹ መጀመሪያ ቅባት በሚያሟሟው አሴቶን ይጠረግ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ይሻከር። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አሮጌው ሰምና ቅባት ጭረቶቹ ውስጥ ይቀበራል።

ማትን ከኢፖክሲ ጋር መግዛት

ማት የሚባለው፣ ከተቆራረጡ ክሮች የሚሠራው የፋይበርግላስ ዓይነት፣ ክሮቹ የተያያዙት አብዛኛውን ጊዜ ስታይሪን በተባለ ፈሳሽ በሚሟሟ ማጣበቂያ ነው። ስታይሪን በፖሊስተር ውስጥ አለ፤ በኢፖክሲ ውስጥ የለም። ውጤቱ በእጅ ይታወቃል፦ ማቱ ደረቅ እንዳለ ይቀራል፣ ማዕዘን ላይ አልታጠፍ ይላል፣ ነጫጭ ክሮችም ከውስጡ ይታያሉ። ለኢፖክሲ የተሸመነ ወይም በክር የተሰፋ ጨርቅ ይገዛ። ማት ከክብደቱ እጥፍ የሚበልጥ ሬዚን ሲጠጣ፣ ለተሸመነው ግን የራሱን ክብደት ያህል ስለሚበቃው የዋጋው ልዩነት በከፊል እዚህ ይካካሳል።

ሰም ያለውንና የሌለውን ፖሊስተር አለመለየት

ሰም የሌለው ፖሊስተር አየር የነካው ገጹ እንደተጣበቀ ይቆያል። ተበላሽቷል ብለው የሚጥሉት አሉ፤ ያ መጣበቅ ግን ለቀጣዩ ንብርብር የሚጠቅም ነው። ሰም ያለው ለመጨረሻው ንብርብር ብቻ ነው።

«ማጠንከሪያው ከበዛ ቶሎ ይደርቃል» ብሎ ማሰብ

ለፖሊስተር የሚጨመረው ማጠንከሪያ በአብዛኛው ከ1 እስከ 2 በመቶ ሲሆን፣ በዚህ ክልል ውስጥ እንደ አየሩ ሙቀት ይስተካከላል። በኢፖክሲ ግን ይህ ፈጽሞ አይሠራም። ጣሳው ላይ 5 ለ1 ወይም 2 ለ1 (ሬዚን ለማጠንከሪያ) ከተባለ በዚያው ይለካል፤ የተረፈው ማጠንከሪያ የሚዋሃደው አጥቶ ጥገናውን ለስላሳ ያደርገዋል። ፍጥነት የሚፈልግ ሰው ፈጣኑን ማጠንከሪያ ይግዛ።

ኢፖክሲ ላይ ጄልኮት መቀባት

ተራው ፖሊስተር ጄልኮት ኢፖክሲ ላይ በደንብ ላይደርቅ፣ ቢደርቅም ሊላቀቅ ይችላል። ኢፖክሲ ደግሞ ፀሐይ ስለሚጎዳው ያለ ሽፋን አይተውም፤ መፍትሔው የጀልባ ቀለም ነው። ከቀለሙ በፊት ገጹ ላይ የሚወጣው ቅባት መሰል ነገር በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ይወገድ።

በቀዳዳው ልክ ጨርቅ መግዛት

የቀዳዳው ዙሪያ ቢያንስ የአካሉን ውፍረት 12 እጥፍ ያህል ወደ ውጭ እየሳሳ መሞረድ አለበት። ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ በየአቅጣጫው 72 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከዳር እስከ ዳር 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቀዳዳ ከተሞረደ በኋላ ከ24 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ የመጨረሻው ጨርቅ የሚሸፍነው የቦታ ስፋትም የቀዳዳውን ወደ ስድስት እጥፍ ይጠጋል። የጨርቁና የሬዚኑ መጠን ከዚህ ተነሥቶ ይሰላ።