በጭስ ወራት ንጹሕ አየር ያለው አንድ ክፍል እንዴት ይዘጋጃል?

ከባሕር ርቀው በሸለቆ ወይም በተራሮች መካከል በተቆረቆሩ የሞቃት ቀጠና ከተሞች አየሩን የሚያበላሸው የመኪናና የፋብሪካ ብዛት ብቻ አይደለም። ወቅቱም ትልቅ ድርሻ አለው። ዝናቡ ሲያቆም የማሳ ቃጠሎና የደን እሳት ይበዛል፤ ነፋሱ ይደክማል፤ ብናኙን የሚያወርድ ውሃም አይኖርም። የሰሜን ታይላንዷ ቺያንግ ማይ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ አየራቸው እጅግ ከተበከለ የዓለም ከተሞች ተርታ በተደጋጋሚ የምትሰለፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ጭሱን ከከተማ ማስወጣት ከአንድ ቤተሰብ አቅም በላይ ነው። ቤተሰቡ የሚተኛበትን ክፍል ማጽዳት ግን ይቻላል። ለዚህ በቅድሚያ መታወቅ ያለበት መስኮት የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ሰዓት ነው።

ሰዓቱን ማወቅ

በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬት ሙቀቷን ቶሎ ትለቃለች። መሬት አጠገብ ያለው አየር ቀዝቅዞ ይከብዳል፤ ከበላዩ ያለው ሞቃት አየር ደግሞ እንደ ክዳን ይደፋበታል። የሌሊቱ ጭስ ሁሉ ከዚህ ክዳን በታች ታፍኖ ያድራል። ስለዚህ ንጋት ላይ አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ ደስ ቢልም፣ ብዙ ጊዜ የቀኑ መጥፎ አየር ያኔ ነው። ፀሐይ ወጥታ መሬቱን ለሦስትና ለአራት ሰዓት ያህል ካሞቀች በኋላ ክዳኑ ይሰበራል፤ ጭሱም ወደ ላይ ተበትኖ ይሳሳል። ቤት ለማናፈስ አብዛኛውን ጊዜ የሚሻለው ከሰዓት በኋላ ነው። እሳቱ ሰፊ አካባቢን ሲያዳርስና ጭሱ ከሩቅ ሲመጣ ግን ከሰዓቱም ንጹሕ አይሆንም። በግምት ከመሄድ መለካት ይበጃል።

መለካት

የሚለካው ፒኤም 2.5 የሚባለው፣ ውፍረቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ብናኝ ነው። ጥልቅ የሳንባ ክፍል ድረስ የሚደርሰው እሱ ነው። በሌዘር የሚሠራ ትንሽ የቤት መለኪያ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ቀለሙን ወይም የጥራት ደረጃውን ትተው በሜትር ኩብ ስንት ማይክሮግራም እንዳለ ያንብቡ፤ የደረጃ አሰጣጡ ከአገር አገር ይለያያል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ የ24 ሰዓት አማካዩ ከ15፣ የዓመቱ ደግሞ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል።

መለኪያውን ዝናብና ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ ከማብሰያ ርቆ ያኑሩት። በየሰከንዱ የሚዘልለውን ቁጥር ትተው የአንድ ሰዓት አማካይ ይያዙ። የአየሩ እርጥበት ከ80 በመቶ ሲያልፍ ብናኞቹ ውሃ ስበው ስለሚያብጡ ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ይወጣል፤ ጭጋጋማ ንጋት ላይ ይህን ልብ ይበሉ። ውጭውንና ውስጡን በተመሳሳይ ሰዓት ያነጻጽሩ። ውጭው ካነሰ ይክፈቱ፤ ከበለጠ ይዝጉ።

ክፍሉን መምረጥና መድፈን

መኝታ ቤት ይመረጣል፤ የቀኑ ሲሶ ያህል የሚያልፈው እዚያ ነው። መስኮቱ ጥቂት የሆነና ከወጥ ቤት የራቀ ይሁን። የመስኮቱን ጠርዝ በሚለጠፍ ስፖንጅ፣ የበሩን ሥር በተጠቀለለ ጨርቅ ይድፈኑ። ቀዳዳ ለማግኘት ስስ ወረቀት በጠርዙ ላይ ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱ፤ ወረቀቱ የተርገበገበበት ቦታ አየር ያስገባል።

ፈጽሞ ማሸግ ግን ልክ አይደለም። የሚተነፍሱት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚጠራቀም ክፍሉን በየቀኑ በተሻለው ሰዓት ያናፍሱት። ከሁሉ በላይ፣ በተደፈነ ክፍል ውስጥ ከሰል ወይም ጋዝ አያንድዱ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የብናኝ ማጣሪያ አይዘውም፤ ይገድላል።

ማጣሪያውን መሥራት

መጀመሪያ የክፍሉን መጠን ያስሉ። 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 2.7 ሜትር የደረሰ ክፍል 32.4 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። አየሩ በሰዓት አምስት ጊዜ እንዲጣራ 162 ሜትር ኩብ በሰዓት የሚያጸዳ መሣሪያ ያስፈልጋል። የተሠራ መሣሪያ የሚገዙ ከሆነ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው አቅም በከፍተኛ ፍጥነት የተለካ ነው። ሌሊት ድምፁ እንዳይረብሽ ፍጥነቱን ስለሚቀንሱ፣ ከስሌቱ እጥፍ የሚያህል ይምረጡ።

በቤት ለመሥራት አሜሪካዊው መሐንዲስ ሪቻርድ ኮርሲና የማጣሪያ አምራቹ ጂም ሮዘንታል በ2020 ያስተዋወቁት ሣጥን በጣም ጥሩ ነው። የሚያስፈልገው ባለ 50 ሴንቲሜትር አራት ማዕዘን ማራገቢያ፣ 50 በ50 ሴንቲሜትር የሆኑና 5 ሴንቲሜትር የሚወፍሩ አራት የሜርቭ 13 ማጣሪያዎች (ሜርቭ የማጣሪያውን ብናኝ የመያዝ ብቃት የሚያሳይ ደረጃ ነው)፣ ካርቶንና ሰፊ ፕላስተር ነው። አራቱን ማጣሪያዎች እንደ ግድግዳ አቁመው በፕላስተር ያያይዙ፤ በማጣሪያው ጠርዝ ላይ የታተመው ቀስት ወደ ሣጥኑ ውስጥ ያመልክት። ታቹን በካርቶን ይዝጉ። ማራገቢያውን ከላይ፣ አየሩን ወደ ላይ እንዲተፋ አድርገው ይግጠሙ። ከዚያ በማራገቢያው ፊት ላይ ክብ የተቆረጠለት ካርቶን ይለጥፉ፤ ክቡ ከክንፎቹ ጫፍ ትንሽ ይጥበብ። ብዙዎች የሚዘልሉት ይህን ነው። ማዕዘኖቹ ክፍት ከቀሩ አየር በእነሱ በኩል ተመልሶ ወደ ውስጥ ስለሚገባ የሣጥኑ አቅም በግልጽ ይቀንሳል።

ማራገቢያው ሲግል ራሱን የሚያጠፋ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሣጥኑንም ከግድግዳና ከመጋረጃ ያርቁት። ማጣሪያውን አያጥቡት። ብናኙን የሚይዘው በከፊል ቃጫው ላይ ባለው የኤሌክትሪክ ሙል ነው፤ ከታጠበ ኃይሉ ይጠፋል።

አሁን ይፈትኑት። በርና መስኮት ዘግተው ያስነሱት፤ ስሌቱ ትክክል ከሆነ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቁጥሩ በጉልህ መውረድ አለበት። ከአንድ ሰዓት በኋላም ከውጭው ግማሽ በታች ካልወረደ፣ ወይ ክፍሉ ብዙ ያስገባል፣ ወይ በማጣሪያዎቹ መጋጠሚያ በኩል አየር ያመልጣል። ሁለተኛ ማጣሪያ ከመግዛት በፊት ፕላስተሩን ይፈትሹ።

ሥራውን የሚያበላሹ ነገሮች

በውሃ የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ የሚሠራው የውጭ አየር እየሳበ ስለሆነ ጭሱን ወደ ቤት ያስገባዋል፤ በጭስ ቀን ይጥፋ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኤሲ የክፍሉን አየር መልሶ ያዞራል እንጂ መረቡ ጥቃቅኑን ብናኝ አይዝም። ኦዞን የሚያመነጭ «አየር ማጽጃ» ጭራሽ አይግዙ፤ ኦዞን ራሱ ሳንባን ይጎዳል። ሻማና የትንኝ ማባረሪያ ጥቅል በአንድ ሰዓት ውስጥ የሌሊቱን ልፋት ሊያጠፉ ይችላሉ። ወለሉንም በደረቁ ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይሻላል።

ውጭ መውጣት ግድ ሲሆን ጥቃቅን ብናኝ የሚያጣራ ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 ጭምብል ያድርጉ። ፊት ላይ ካልገጠመ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ በአፍንጫ ዙሪያና በጢም በኩል አየር ያልፋል። መኪና ውስጥ የአየር ማዞሪያውን ወደ ውስጥ ዝውውር ይለውጡ።

ዝናቡ ሲመለስ

የመጀመሪያዋ ካፊያ ትልልቁን አቧራ ብታወርድም ጥቃቅኑን ጭስ እምብዛም አትነካውም፤ ለእሱ ረዘም ያለ ዝናብ ወይም ነፋስ ያስፈልጋል። ስለዚህ መለኪያው ለተከታታይ ቀናት ዝቅ ብሎ እስኪቆይ ድረስ ክፍሉን አይበትኑ። ከዚያ በኋላ ግን ስፖንጁንና ጨርቁን ቶሎ ያንሱ፤ በዝናብ ወራት የተደፈነ ክፍል ሻጋታ ያወጣል። የውስጡ እርጥበት ከ60 በመቶ እንዳያልፍ መስኮቱን ይክፈቱ። የጠቆረውን ማጣሪያ ሳያራግፉ በላስቲክ ጠቅልለው ይጣሉ፤ ገና ደህና የሆነውን ደግሞ በደረቅ ቦታ አሽገው ያስቀምጡ።