በጤና ጣቢያ የመርፌ ደህንነት ቡድን ሲቋቋም

ቡድኑ ብዙ ሰው አይፈልግም። ከመርፌ ክፍል አንዲት ነርስ፣ አንድ መድኃኒት አዛዥ፣ አንድ የፋርማሲ ባለሙያና ቆሻሻ የሚያቃጥለው ሠራተኛ ይበቃሉ። ሠራተኛውን አደራ አትርሱት፤ የሁሉም መርፌ መጨረሻ እሱ እጅ ላይ ነው። ሥራው የሚጀመረው ለእሱ ሦስቱን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በማስጨረስ፣ ወፍራም ጓንትና ቦት ጫማ በመስጠት ነው።

ከዚያ መርፌ ክፍሉን እዩ። ሴፍቲ ቦክሱ፣ ማለትም ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሳጥን፣ የምትወጋው ነርስ እጇን ዘርግታ የምትደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ከራቀ የመርፌውን ክዳን መልሳ ትገጥማለች፤ ጣት የሚወጋው ያኔ ነው። ባለ 5 ሊትሩ ሳጥን 100 ያህል ስሪንጅ ይይዛል፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል። ጢም እስኪል ከተጠበቀ አንዱ በእጁ መግፋቱ አይቀርም። ጥጥ፣ ጓንትና ባዶ ብልቃጥ አይግባበት።

በብልቃጥ ክዳን ላይ መርፌ ሰክቶ መተው ክልክል ነው፤ ለጀርም በር ይከፍታል።

ፋርማሲው የሚወጋ መድኃኒት ሲያወጣ ስሪንጁንና ሳጥኑን ቆጥሮ አብሮ ያውጣ። እጥረት ሲመጣ ነው አንዱ ስሪንጅ ለሁለት ሰው የሚውለው። አዛዡም የሚዋጥ መድኃኒት ሲበቃ መርፌ አይዘዝ፤ ታካሚው «መርፌ ካልሆነ አይሻለኝም» ቢልም በትዕግሥት ያስረዳው።

በድንገት በመርፌ የተወጋ ሠራተኛ ቦታውን ሳይጨምቅ በውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ ወዲያው ለቡድኑ ይንገር። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት በፊት ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። የተናገረን ሰው አትውቀሱት፤ ሌላው ይደብቃል።