ቦይለሩ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ፣ በተለምዶ ቦይለር የምንለው ዕቃ፣ ማሞቁን ሲያቆም ወይም ማፍሰስ ሲጀምር የቤቱ ባለቤት ቀድሞ የሚያስበው አዲስ ስለ መግዛት ነው። እኔም ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ በምኖርበት ቤት እንዲሁ አድርጌ፣ አሮጌውን ካስወረድኩ በኋላ ያረጀው ከሥሩ ያለው፣ መጋጠሚያውን የሚያሽገው የጎማ ጋስኬት ብቻ እንደ ነበር ተረድቻለሁ። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቅ በፊት መለየት ያለበት የተበላሸው የዕቃው ሆድ ነው ወይስ የሚለወጥ አካል ነው የሚለው ነው። ሬዚስታንስ (ውሃውን የሚያሞቀው አካል)፣ ቴርሞስታት (ሙቀቱን የሚቆጣጠረው)፣ ጋስኬት፣ ሴፍቲ ቫልቭ (ትርፍ ግፊት የሚያስወጣው) እና የማግኒዚየም ዘንግ (ታንከሩን ከዝገት የሚጠብቀው) ሁሉም ይለወጣሉ። የውስጡ ታንከር ከተበሳ ግን ብየዳው በውስጥ በኩል የተቀባውን መከላከያ ስለሚያቃጥለው፣ የተበየደው ቦታ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ይዝጋል።

ከዚህ በታች የተገለጸውን ማንኛውንም ምርመራ ለማድረግ በቅድሚያ ብሬከሩን ማጥፋትና መስመሩ ኤሌክትሪክ እንደሌለው በቴስተር ማረጋገጥ ያስፈልጋል። መብራት ጠፍቷል ብሎ ሽፋን መክፈት አይገባም፤ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅምና።

ውሃው ጨርሶ አይሞቅም

የቦይለሩ አመልካች መብራት ካልበራ ችግሩ ከብሬከሩ፣ ከመስመሩ ወይም ከቴርሞስታቱ ነው። አብዛኞቹ ቴርሞስታቶች ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱን የሚያቋርጥ መከላከያ ስላላቸው፣ ሽፋኑ ሲከፈት የሚታየውን ትንሽ ቁልፍ መጫን አንዳንድ ጊዜ ይበቃል። ነገር ግን ያው ቁልፍ በሳምንት ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ከዘለለ ቴርሞስታቱ ሙቀቱን መቆጣጠር ተስኖታልና መለወጥ አለበት። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከቧንቧው ውሃና እንፋሎት ተቀላቅሎ እየተተፋ ከወጣ ዕቃውን ወዲያውኑ ማጥፋት ይገባል።

አመልካቹ በርቶ ውሃው ካልሞቀ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ሬዚስታንሱ ይዞራል። በ220 ቮልት የሚሠራ የ1,500 ዋት ሬዚስታንስ ሽቦው ተነቅሎ በቴስተር ሲለካ 32 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት፤ ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። በእኛ ከተማ ሬዚስታንስ የሚበጠስበት ዋና ምክንያት እርጅና አይመስለኝም፤ ደርቆ መቃጠል ነው። ውሃ ሲቋረጥ፣ መግቢያው ላይ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ ከሌለ ወይም ከተበላሸ፣ በቦይለሩ ውስጥ ያለው ውሃ ዝቅ ብሎ ወዳለ ቧንቧ ይፈስሳል፤ ብሬከሩ ካልጠፋ ሬዚስታንሱ ባዶ ታንከር ውስጥ ይግላል። መፍትሔው ሬዚስታንሱን መለወጥ ብቻ ሳይሆን ቫልቩንም መለወጥ ነው፤ ያለበለዚያ አዲሱም በሚቀጥለው የውሃ መቋረጥ ይከተለዋል።

ብሬከሩ ይወርዳል፣ ወይም ቧንቧው ይነዝራል

የሬዚስታንሱ ቱቦ ተሰንጥቆ ውሃ ሲገባበት ኤሌክትሪክ ወደ ውሃውና ወደ ብረቱ ይሾልካል። የመሬት ሽቦ በትክክል በተዘረጋበት ቤት ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው መከላከያ ይወርዳል፤ ባልተዘረጋበት ቤት ግን ሻወር የሚወስደው ሰው ይነዝረዋል። ይህ ሞት የሚያስከትል ብልሽት ነው። ብሬከሩን በትልቅ ብሬከር መተካት ጥገና ሳይሆን የማስጠንቀቂያውን አፍ መዝጋት ስለሆነ፣ ይህን የሚመክር ባለሙያ ቢኖር ሌላ ባለሙያ ይፈልጉ።

ውሃው ቡናማ ነው፣ ይሸታል፣ ወይም ዕቃው ይንጫጫል

መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ቧንቧ ይክፈቱ። ቀዝቃዛውም ቡናማ ከሆነ ምክንያቱ መስመሩ ወይም ሮቶው ነው፤ ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ ይህ የተለመደ ነው። ሙቁ ብቻ ከደፈረሰ የማግኒዚየም ዘንጉ አልቆ ዝገቱ ወደ ታንከሩ ተሸጋግሯል ማለት ነው። ዘንጉ በታንከሩ ፈንታ እንዲበላ ሆን ተብሎ የተገጠመ ስለሆነ በየአንድ ወይም ሁለት ዓመቱ ወጥቶ መታየት አለበት። የበሰበሰ ዕንቁላል የሚመስል ሽታ በውሃው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከዘንጉ ጋር ሲገናኙ ይፈጠራል፤ ሙቀቱን ከ60 ዲግሪ በላይ አድርጎ ማቆየትና ውሃውን ማጠብ፣ ካልሆነም ዘንጉን በአሉሚኒየምና ዚንክ መለወጥ ያስወግደዋል። ሲሞቅ የሚሰማው መንጫጫት በሬዚስታንሱ ላይ የተጋገረ ነጭ ኖራ ነው፤ ይፋቃል።

ያንጠባጥባል

ውሃ ሲሞቅ መጠኑ ይጨምራል፤ 80 ሊትር ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲደርስ ከ1 ሊትር በላይ ይተርፋል። ይህ ትርፍ መመለሻ ሲያጣ በሴፍቲ ቫልቩ በኩል ስለሚወጣ፣ በማሞቅ ሰዓት ብቻ የሚታይ ጠብታ ጤናማ ነው። ቀዝቅዞም ካላቆመ ቫልቩ ቆሽሿል ወይም የፓምፑ ግፊት በዝቷል። በምንም ምክንያት አፉን መድፈን አይገባም። ውሃው ከሥር ካለው ክብ ክዳን ዙሪያ የሚወርድ ከሆነ ጋስኬቱ ነው። ከውጭው ሽፋን መጋጠሚያ እየሰረገ የሚወጣ ከሆነ ግን ታንከሩ ተበስቷልና መቀየር ግድ ነው።

መቀየር ሲቆረጥ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወጪውን በዕቃው ዋጋ ብቻ በማስላት ነው። ቦይለሮች ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸውና የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ ባለፈው ዓመት የሰሙት ዋጋ ዛሬ አይሠራም። ቢያንስ ከሦስት ሱቆች ፕሮፎርማ ይውሰዱ፤ ሴፍቲ ቫልቭ፣ ተጣጣፊ ቱቦዎች፣ ማንጠልጠያ ብሎኖች፣ ሽቦ፣ ብሬከር፣ ማጓጓዣና የገጣሚው የእጅ ዋጋ እያንዳንዳቸው ተለይተው ይጻፉ። ሽቦና የመሬት ዘንግ አዲስ የሚያስፈልገው ቤት ከዕቃው ውጪ ያለው ወጪ የሚያስደነግጥ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ግድግዳው ነው። 80 ሊትር የሚይዝ ቦይለር ሲሞላ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ደግሞ ፊሸርን (ብሎን የሚገባበትን የፕላስቲክ መሰኪያ) አይዝም። ብሎኑ ግድግዳውን በስቶ በሌላው ወገን በብረት ሳህን እንዲታሰር ወይም ማንጠልጠያው በኮንክሪት ምሰሶ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ለሁለትና ለሦስት ሰው 50 ሊትር በቂ ስለሆነ፣ በተለይ እንደ ባሕር ዳር ባለ ሞቃት ከተማ፣ ትልቅ መግዛት ግድግዳንም ቆጣሪንም ማስጨነቅ ነው።

የ1,500 ዋት ቦይለር 7 አምፔር ገደማ ስለሚስብ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና የራሱ 16 አምፔር ብሬከር ይበቃዋል። ታንከር የሌለውና ውሃውን በቅጽበት የሚያሞቀው 5,500 ዋት ዕቃ ግን ርካሽ ቢመስልም 25 አምፔር ይስባል፤ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከቆጣሪው ድረስ ካልተዘረጋለት መስመሩን ያግላል፣ ምሽት ላይ ቮልቴጁ ሲወርድም ለብ ያለ ውሃ ብቻ ይሰጣል። ከሮቶ የሚወርድ ውሃ ከፍታው 3 ሜትር ከሆነ ግፊቱ 0.3 ባር ብቻ ነውና፣ ዕቃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ ግፊት ከመግዛት በፊት ከመለያው ላይ ይነበብ።

የወር ፍጆታም ወጪ ነው። 80 ሊትር ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ማሞቅ 3.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ በየቀኑ ከተደረገ በወር 110 ያልፋል። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ከፍ ወዳለ ደረጃ ስለሚሸጋገር፣ ለሁለት ሰው ሲባል ሙሉውን ታንከር ሌት ተቀን ማሞቅ ያስቆጫል። ጣሪያው የሚፈቅድለት ሰው በፀሐይ የሚሠራውንም ቢያስብ መልካም ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ያለ ኤሌክትሪክ ድጋፍ አይበቃም።

አዲሱ ከተሰቀለ በኋላ የሙቅ ውሃ ቧንቧው ተከፍቶ ውሃው ያለ አየር እስኪወርድ ይሞላ፤ ብሬከሩ የሚነሣው ከዚያ ወዲያ ነው። የተገጠመበት ቀንም በዕቃው ጎን በማይጠፋ ቀለም ይጻፍ፤ የማግኒዚየም ዘንጉን ለማየት ጊዜው መድረሱን የሚያስታውሰው ሌላ ነገር የለም።