ፐርሰንቱ ከምን ላይ ነው?

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ራፖር፣ ማለትም ለባለጉዳይ ክስና ማመልከቻ፣ መጻፍ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ሰው ክስ ሊያስጽፍ ይመጣና ሌላ ወረቀት ከቦርሳው ያወጣል። «እስቲ ይቺን እያት» ይለኛል። ብዙ ጊዜ ከጠበቃ ጋር የሚፈራረመው ውል ነው። ሕግ አልተማርኩም፤ ውል ግን ብዙ አንብቤአለሁ።

አንድ ቀን አንዲት እናት መጡ። የአባታቸውን ቤት ከሦስት ወንድሞቻቸው ጋር ሊካፈሉ ነው። «ጠበቃው 10 ፐርሰንት አለኝ፤ በዛ እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ውሉን ገለጥኩት። «ከቤቱ ዋጋ ላይ 10 ፐርሰንት» ይላል። ቤቱ 6 ሚሊዮን ብር ተገምቷል፤ የሳቸው ድርሻ ሩቡ፣ 1.5 ሚሊዮን ነው። ከቤቱ 10 ፐርሰንት ሲወሰድ 600 ሺህ ብር ይሆናል። ከድርሻቸው 40 ፐርሰንቱ ሄደ ማለት ነው። በስልኬ ደምሬ ሳሳያቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ሌላም ነገር ነበር። ወንድሞቻቸው ወራሽነታቸውን አልካዱም። «1.1 ሚሊዮን ውሰጂና እንጨርስ» ብለዋቸው ነበር። እንግዲህ ጭቅጭቁ ስለ 400 ሺህ ብር ነው። ያለ ክርክር የሚገኘው ገንዘብ ላይ ጠበቃው ለምን ይካፈላል? ውሉን ይዘው ተመለሱ። በሳምንቱ ሲመጡ «ከቤቱ ዋጋ» የሚለው ተሰርዞ «ከ1.1 ሚሊዮን ብር በላይ ከሚገኘው» ተብሏል። ፐርሰንቱ ወደ 20 ከፍ ብሏል፤ ቢሆንም ሂሳቡ ቢበዛ 80 ሺህ ብር ነው። ጠበቃውም ብዙ አልተከራከረም አሉኝ።

ፐርሰንት ስትሰሙ «ከምን ላይ?» በሉ። 2 ሚሊዮን ብር ጠይቃችሁ 1.2 ሚሊዮን ሊፈረድላችሁ ይችላል። ከዚያ አፈጻጸም ላይ፣ ማለትም ፍርዱ ወደ ገንዘብ ሲለወጥ፣ ተከሳሹ በቂ ንብረት አይገኝበትምና እጃችሁ የሚገባው 700 ሺህ ብቻ ይሆናል። 10 ፐርሰንት ከተጠየቀው 200 ሺህ፣ ከተፈረደው 120 ሺህ፣ ከተገኘው 70 ሺህ ነው። እኔ ብሆን «እጄ ከገባው ላይ፣ በገባ ጊዜ» ብዬ አስጽፋለሁ።

ቁርጥ ዋጋ ከሆነ ደግሞ ሥራው የት እንደሚያልቅ እዩ። «ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ይከታተላል» የሚል ዓረፍተ ነገር አልወድም። የማን መጨረሻ? ለእናንተ ገንዘቡ ሲገኝ ነው፤ ለጠበቃው የመጀመሪያው ፍርድ ሲሰጥ ሊሆን ይችላል። ይግባኝ፣ ሰበር (የሕግ ስህተት አለ ተብሎ የሚቀርበው አቤቱታ)፣ አፈጻጸም፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ ይከፈልበት አይከፈልበት ይጻፍ። በሁለት ሳምንት በሽማግሌ ብትታረቁ ስንት እንደምትከፍሉም እንዲሁ። ብሩንም በአንዴ አትስጡ፤ ክስ ሲገባ፣ ምስክር ሲሰማ፣ ሲፈረድ እያላችሁ ከፋፍሉት።

«ስንት ነው ተገቢው?» ለሚለኝ ሰው ቁጥር የለኝም። ሥራውን እዩ። በስምምነት የሚፈጸም ፍቺ በአብዛኛው ስምምነት ጽፎ ማጸደቅ ነው፤ ስድስት ምስክርና የመሐንዲስ ግምት ካለበት ክርክር ጋር እኩል ሊከፈልበት አይገባም። ሦስት ጠበቃ ጋ ሄዳችሁ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቁ። የዳኝነት ክፍያ (ክስ ሲከፈት ለፍርድ ቤቱ የሚከፈለው)፣ ፎቶ ኮፒ፣ ትራንስፖርት በማን ነው? ዋጋው ቫትን ይጨምራል? 15 ፐርሰንት ቀላል አይደለም። ደረሰኝ አልሰጥም ካለ ወደ ሌላው እለፉ። «ዳኛውን አውቀዋለሁ፣ ትንሽ ነገር ያስፈልጋል» ካለ ደግሞ ሻዩንም ሳትጨርሱ ውጡ።

ውክልናውም የክፍያው አካል ነው፤ ሰው ግን ሳያነብ ይፈርማል። «በስሜ ገንዘብ እንዲቀበል» እና «እንዲታረቅ» የሚሉትን ካላሰባችሁበት አስወጡ። የተፈረደላችሁ ብር መጀመሪያ ጠበቃው እጅ ከገባ ሂሳቡን የሚሠራው እሱ ነው።

ፈርማችሁ ከሆነም ነገሩ አላለቀም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ውክልና በሚናገርበት ክፍል፣ የተስማማችሁበት ክፍያ ከተሠራው ሥራ ጋር ፈጽሞ የማይመጣጠን ከሆነ ፍርድ ቤት ሊቀንሰው እንደሚችል ይናገራል። (ለዚያም ክስ ያስፈልጋል፤ ዞራችሁ እኔው ጋ ትመጣላችሁ።) ብታሸንፉ ከተሸናፊው ወጪና ኪሣራ መጠየቅ ትችላላችሁ። የወጪ ዝርዝራችሁን በደረሰኝ አቅርቡ። እኔ ያየሁት ግን ለጠበቃ ከወጣው ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው የሚፈረደው፤ ተስፋችሁን እሱ ላይ አትጣሉ።

ጭራሽ ገንዘብ ለሌለው፦ ጠበቆች በነፃ እንዲያገለግሉም ሕግ ግዴታ ጥሎባቸዋል፤ በግልጽ ጠይቁ። ሴት ከሆናችሁ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማህበር አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የዳኝነት ክፍያው ከከበዳችሁ በደሃ ደንብ፣ ማለትም ያለ ዳኝነት ክፍያ፣ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል። እሷን ማመልከቻ እኔም ብር አልቀበልባትም።