“ወደ ጋሪ ጨምር” እና ሌሎች የሱቅ ድረ ገጽ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን አጭር ኮርስ ስማር የመጨረሻው ሥራችን አንድ ቀላል የሱቅ ድረ ገጽ ሠርቶ ለክፍል ልጆች ማሳየት ነበር። የእኔ ሱቅ የመንዝ የሱፍ ሥራ ይሸጣል፤ በርኖስ (ካባ)፣ ባና (ብርድ ልብስ)፣ ምንጣፍ። አክስቴ ትፈትላለች፣ አጎቴ ይሸምናል፣ እኔ ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ አድራለሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ልጆቹ አይተው “አሪፍ ነው!” አሉ። ከዚያ አንዷ ስልኳን አውጥታ ባና ለመግዛት ሞከረች። አልቻለችም።

ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የራሴ ናቸው። እናንተ አትድገሟቸው።

ቴምፕሌቱን እንዳለ መተርጎም

ከኢንተርኔት የወረደ ዝግጁ ቴምፕሌት፣ ማለትም በእንግሊዝኛ አስቀድሞ የተሠራ የገጽ ንድፍ ነበር የተጠቀምኩት። የመግዣው ቁልፍ ላይ ያለውን “Add to cart” ቃል በቃል ተርጉሜ “ወደ ጋሪ ጨምር” አልኩ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ጋሪ ማለት ደግሞ ፈረስ የሚጎትተው ነው። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ “ፈረሱስ የታለ?” ሲል ክፍሉ በሙሉ አውካካ። ሳቁ ሲበርድ “ልግዛው” ብዬ ቀየርኩት። ከዚያ ወዲህ ማንም ምን ማለት ነው ብሎ አልጠየቀኝም።

ቅጹም ያው ነው። “የቤተሰብ ስም”፣ “ስቴት”፣ “ዚፕ ኮድ” (የአሜሪካ የፖስታ መለያ ቁጥር) ይላል። እኛ ጋ ሰው የሚጠራው በስሙና በአባቱ ስም ነው። አድራሻውም “ከሚካኤል ወረድ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ” ነው። ዚፕ ኮዱ ካልተሞላ አላሳልፍም የሚል ገጽ ገዢውን በር ላይ መለሰው ማለት ነው። ስም፣ የአባት ስም፣ ስልክ፣ ከተማ፣ ከዚያ “ልዩ ቦታ” የሚል አንድ ሰፋ ያለ ሳጥን ይበቃል።

ስልክ ካነሳን አይቀር፣ ቁጥሩ በ09 ካልጀመረ አልቀበልም የሚል ኮድም ጽፌ ነበር። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ቁጥር የያዘ ስንት ሰው አለ! ባና መግዛት ያልቻለችው ልጅ የተያዘችው እዚህ ጋ ነው። በ+251 የሚጽፍም አለ። ሁሉንም ተቀበሉ።

ፎቶ

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። በርኖስ ጥቁር ነው። እኔ ደግሞ ማታ፣ ቤት ውስጥ፣ በአምፖል ብርሃን አነሳሁት። ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ጉድጓድ ይመስላል። የሱፍ ሥራ ሰው በእጁ ዳብሶ፣ ገልበጥ አድርጎ አይቶ የሚገዛው ነገር ነው። ድረ ገጽ ላይ መዳበስ የለም፤ ስለዚህ ፎቶው ነው እጁን የሚተካለት። ጠዋት ደጅ አውጡት። ፀሐይ በቀጥታ ሳታርፍበት፣ ጥላ ውስጥ አንሱት። አንዱን ከሩቅ፣ ሰው ለብሶት፤ አንዱን ደግሞ ክሩ እስኪታይ ከቅርብ። “ትልቅ ባና” ብሎ መጻፍም ዋጋ የለውም። ትልቅ ለማን? ርዝመትና ስፋቱን በሜትር፣ ክብደቱን በኪሎ ጻፉ። አጎቴ በክንዱ ለክቶ ነው የሚነግረኝ፤ እኔ ሜትር ይዤ እንደገና እለካለሁ።

ሌላው ክብደት የፎቶው የራሱ ክብደት ነው። ስልክ ያነሳው አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን፣ 12 ፎቶ ያለበት ገጽ ወደ 50 ሜጋባይት ይጠጋል። በኮርሱ ክፍል ዋይፋይ ዱብ ይላል፤ ምንም አይታወቃችሁም። መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ ሆኖ በዳታ ለሚከፍተው ሰው ግን ካርዱን መብላት ነው። ስፋቱን ወደ 1200 ፒክስል አውርዳችሁ ዌብፒ (WebP) በሚባለው ቀለል ያለ የፎቶ ፋይል ዓይነት አስቀምጡት። ብዙ ጊዜ ከ200 ኪሎባይት አይበልጥም፤ ዓይን ልዩነቱን አይለየውም።

“ዋጋ በውስጥ መስመር”

አታድርጉት። ዋጋው ከተደበቀ ገዢው “ፊቴን አይቶ ሊጨምርብኝ ነው” ብሎ ያስባል። ዋጋውን በብር፣ ከፎቶው ሥር፣ በጉልህ ጻፉ።

የአማርኛው ነገር

ገጹ ሲከፈት ፊደሉ ተበትኖ የማይነበብ ነገር ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፊደሉ እንዴት እንደሚነበብ ለኮምፒውተሩ የምትነግረውን፣ ዩቲኤፍ-8 (UTF-8) የምትለዋን መስመር ገጹ ራስጌ ላይ ረስታችኋል ማለት ነው። ይሄ ቀላል ነው። የሚከብደው መፈለጊያው ነው። እኔ “የበግ ፀጉር” ብዬ መዝግቤ ነበር። ጓደኛዬ “የበግ ጸጉር” ብሎ ፈለገ። “ምንም አልተገኘም” አለው። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ጸ እና ፀ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ሁሉም እንደዚያው። መፍትሔው ከመፈለጉ በፊት የተመዘገበውንም የተጻፈውንም ወደ አንድ ፊደል መቀየር ነው። አሥር መስመር ኮድ ቢፈጅ ነው።

ሰዓትም ተጠንቀቁ። ኮምፒውተሩ 9፡00 ሲል እኛ “ጠዋት 3 ሰዓት” እንላለን። በደንብ ካልተጻፈ ዕቃውን የሚያመጣውና ተቀባዩ ይተላለፋሉ።

“እንዴት ነው?” ብሎ መጠየቅ

ወደ ክፍል ልጆቹ እንምጣ። “እንዴት ነው?” ብላችሁ ከጠየቃችሁ “አሪፍ ነው” ይባላል። ሌላ መልስ አትጠብቁ። ይሉኝታ አለ፤ ደግሞ ነገ የራሱን ሲያሳይ እናንተም እዚያው ናችሁ። ጥያቄ አትጠይቁ፣ ሥራ ስጡ። ስልኩን በእጁ አስይዙትና “ለእናትህ አንድ ባና ግዛላት” በሉት። ከዚያ ዝም። በዚህ ኮርስ ውስጥ እንደዚህ ዝምታ የከበደኝ ነገር የለም። ልጁ ቁልፉን ሲፈልግ እጄ ራሱ ሊጠቁም ይነሳል። አንዴ “አይ፣ እዚህ ጋ ነው” ብዬ አመለጠኝ፤ ያ ሙከራ በዚያው ተበላሸ። ገዢ ቤቱ ሆኖ ሲከፍተው እናንተ አጠገቡ የላችሁም። አውራ ጣቱ የት ላይ እንደቆመ፣ የት ተመልሶ እንደሄደ ብቻ በወረቀት ያዙ።

ስንት ሰው ይበቃል? ጄኮብ ኒልሰን የሚባለው የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. 5 ሰው ይበቃል ብሎ ጽፏል፤ አብዛኛው ችግር በእነሱ ይወጣል ነው የሚለው። እኔም ከአራተኛው ሰው በኋላ የማየው ያንኑ ነበር።

ሁሉን አስተያየት መቀበልም ሌላ ጣጣ ነው። አንዱ አረንጓዴ አድርገው አለ፣ አንዱ ቀይ። ሦስተኛው “ጽሑፉ ደስ አይልም” አለ። መጀመሪያ ቅር አለኝ። “የት ላይ ነው የከበደህ?” ብዬ ስጠይቀው ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ቆሞ አሳየኝ። ግራጫው ፊደል ከነጩ ጋር ተቀላቅሎ ጠፍቷል። ሰው ሕመሙን እንጂ መድኃኒቱን አያውቀውም፤ እናንተ ሕመሙን ስሙ።

የክፍል ልጆችን ብቻ ማስሞከር

የክፍል ልጅ ሦስት አግድም መስመር ሲያይ ማውጫ መሆኑን ያውቃል። ሌላው ሰው ላያውቅ ይችላል። እኔ በመጨረሻ ስልኩን ይዤ ሻይ ቤት ወረድኩ። ሻይ የሚያፈሉት እትዬ እጃቸውን በሽርጥ ጠርገው ተቀበሉኝ። ሦስቱን መስመር ሳይነኩ አለፏቸው። ባናውን አገኙ፣ ስማቸውን ጻፉ፣ “ልግዛው” የሚለውን ነኩ። “ትዕዛዝዎ ደርሶናል” አለ። እኔ ደስ ብሎኝ ስልኩን ልቀበል ስል እሳቸው አልለቀቁም።

“እና አንተ ልጅ፣ እኔ ጋ በምን ይመጣል?”

የትም ቦታ አልጻፍኩትም። በማግስቱ ከዋጋው ሥር አንድ መስመር ጨመርኩ፤ “ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ቤት ድረስ እናመጣለን። አዲስ አበባ ላላችሁ በአውቶቡስ እንልካለን፣ ላምበረት መናኸሪያ ትቀበላላችሁ።”